«ፎ» የምትባለው የስዊድንኛ ግስ፦ ትርጉሟ፣ አመጣጧና እርባታዋ ደረጃ በደረጃ

ስዊድን ከገባችሁ ሳምንት ሳይሞላ ጆሯችሁ ላይ የምትደጋገም አንዲት አጭር ቃል አለች። «ፎ» ትባላለች። በእነሱ ፊደል ሁለት ሆሄ ብቻ ናት፦ አንድ ኤፍ፣ ከኋላው ደግሞ አናቱ ላይ ትንሽ ቀለበት የተደረገበት ኤ። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ማግኘት» ይላችኋል። እውነት ነው። ግን ይቺን አንዲት ትርጉም ብቻ ይዞ ከቤት የወጣ ሰው ብዙ ቦታ ላይ ይቸገራል።

እኔ ተቸግሬያለሁ። በመጣሁ ሰሞን አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩና እንግዳ ተቀባይዋ «ዱ ፎር ቬንታ» አለችኝ። «ዱ» አንተ ነው፣ «ቬንታ» መጠበቅ ነው፣ «ፎር» ደግሞ ፈቃድን ያመለክታል ተብሎ ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ። ስለዚህ «ከፈለግህ እዚህ መጠበቅ ትችላለህ» ያለችኝ መሰለኝ፤ ወጣ ብዬ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ስሜ ተጠርቶ አልፏል። ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሴትየዋ ያለችኝ «እንግዲህ ትንሽ ትጠብቃለህ» ነበር። ከዚያ ወዲህ ይቺን ቃል የምለያት በራሷ ሳይሆን ከኋላዋ በሚመጣው ቃል ነው። ይህ መመሪያም በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ «ፎ»ን ስትሰሙ ቀጥሎ የሚመጣውን አዳምጡ።

ደረጃ 1፦ ድምፁን አስተካክሉ

ቀለበት ያለበት ኤ እንደ እኛ «ኦ» ነው የሚነበበው፣ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ። ሆሄው በስዊድንኛ ሕትመት የታየው እ.ኤ.አ. በ1526 በታተመው አዲስ ኪዳን ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ኤ አጠገብ ለአጠገብ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ከፊደል ተራው መጨረሻ፣ ከዜድ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ «ፎ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ስትፈልጉ በኤፍ ምድብ መጀመሪያ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ ወደ መጨረሻው ሂዱ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ትልቅ ጥቅም አለው። እኛ ማጥበቅና ማላላት እናውቃለን። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። ስዊድንኛም እንዲሁ ነው። «ፎ» ስንል ድምፁ ይረዝማል፤ «ፎት» ስንል ግን ኦዋ አጥራ ት ጠብቃ ትነበባለች። «ፊክ» ላይም ክ ይጠብቃል። ብዙ የሌላ አገር ተማሪዎች ይሄን ለመለየት ወራት ይፈጅባቸዋል፣ ለእኛ ግን ከእናታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። «ለ» ማለት የሆነ ሌላ ቃል አለ፣ በጽሑፍ አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት ኦ ነው ያለው። ያ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። አፋችሁ «ኤ» እያለ ከንፈራችሁን እንደ «ኦ» አሹሉት፣ ይመጣል። ይሄን ቃልና «ፎር»ን አንድ አድርጋችሁ ከጠራችሁ ሰሚው ግራ ይገባዋል።

ደረጃ 2፦ አራቱን ቅርጾች በቃላችሁ ያዙ

የስዊድን ግስ ተማሪ የሚሸመድደው አራት ነገር ነው፦ «ፎ፣ ፎር፣ ፊክ፣ ፎት»። የቅኔ ቤት ተማሪ «ቀተለ፣ ቀደሰ» እያለ ግስ እንደሚያወርደው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት። በዝምታ በማንበብ አይያዝም።

«አት ፎ» ማግኘት ነው። «ያ» እኔ ነው፦ «ያ ፎር» አገኛለሁ፣ «ያ ፊክ» አገኘሁ። አራተኛው «ፎት» ብቻውን አይቆምም፣ ሁልጊዜ አጋዥ ይፈልጋል፦ «ያ ሃር ፎት» አግኝቻለሁ፣ «ያ ሃደ ፎት» አግኝቼ ነበር። ለወደፊቱ «ያ ስካ ፎ» ማለት ይቻላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የአሁኑ «ፎር» ራሱ የነገን ይናገራል። «ዱ ፎር ስቫር ፖ ሞንዳ» ሲሏችሁ «ሰኞ መልስ ታገኛለህ» ነው። የእኛም «ታገኛለህ» ለዛሬም ለነገም ስለሚያገለግል ይሄ አያስቸግርም።

የትእዛዝ ቅርጹን እርሱት፣ ሰው አይጠቀምበትም ማለት ይቻላል። «ፎስ» የሚል ተደራጊ ቅርጽም አለ፣ «ይገኛል» ለማለት፤ የሚያጋጥማችሁ በመደበኛ ጽሑፍ ላይ ነው።

ደስ የሚለው ነገር በመደብ አለመለወጧ ነው። እኛ አገኛለሁ፣ ታገኛለህ፣ ታገኛለሽ፣ ያገኛል፣ ታገኛለች፣ እናገኛለን፣ ታገኛላችሁ፣ ያገኛሉ እያልን ስንዘረዝር እነሱ ለሁሉም «ፎር» ይላሉ። ዋጋው ደግሞ ባለቤቱን መጥራት ግዴታ መሆኑ ነው። በአማርኛ «አገኘሁ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በስዊድንኛ «ፊክ» ብቻ ብትሉ ማን እንዳገኘ አይታወቅም። «ያ»ን አትርሱ።

ለማስታወስ የሚረዳ ዘዴ ልስጣችሁ። «መሄድ» የሚለው ግስ ቤት ይመታላታል፦ «ጎ፣ ጎር፣ ዪክ፣ ጎት»። ሦስተኛው በጂ ተጽፎ በ«ዪ» ይነበባል። ሁለቱን አብራችሁ ካጠናችሁ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ደረጃ 3፦ ከየት እንደመጣች እወቁ

ይሄን ደረጃ ዝለሉት የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እኔ ግን አትዝለሉት እላለሁ፣ ምክንያቱም ከኋላ ያሉትን ትርጉሞች የሚያስተሳስረው እሱ ነው።

ቃሏ ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣች ናት። የጥንት ትርጉሟ «ያዘ፣ ጨበጠ» ነበር። ዴንማርክና ኖርዌይ ዛሬም «ፎ» ይላሉ፣ የጀርመንኛው «ፋንገን» ማለትም መያዝ ሥጋ ዘመዷ ነው። ጀርመንኛው ውስጥ ያለው ን ስዊድንኛው ላይ ከጊዜ ብዛት ተውጦ ቀረ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፦ የዱሮ መጽሐፍ ብታነቡ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን «ፊክ» ሳይሆን «ፊንጎ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ይህ የብዙ ቁጥር ቅርጽ በጽሑፍ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። ዛሬ ያለው ስዊድንኛ ውስጥም ዘመዶቿ ሞልተዋል፤ «ፎንጋ» ማጥመድ፣ መያዝ፣ «ፎንገ» እስረኛ፣ «ፌንገልሰ» እስር ቤት።

አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል? እኛ ሲያመን «ትኩሳት ያዘኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። በሽታው ያዡ፣ እኛ ተያዥ ነን። ስዊድኖች ይገለብጡታል። «ያ ፊክ ፌበር» ይላሉ፣ ቃል በቃል «ትኩሳት ያዝኩ» እንደማለት ነው። የያዘው ሰውየው ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ይሄን ካስታወሳችሁ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል ትጀምራላችሁ፦ ከ«ያ» ጀምራችሁ «ፊክ» ትላላችሁ፣ ሕመሙን ከኋላ ታስከትላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ከኋላዋ ስም ከመጣ «ማግኘት» ነው

ቀላሉ ይሄ ነው። «ያ ፊክ ኤት ብሬቭ» ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያ ሃር ፎት ዮብ» ሥራ አግኝቻለሁ። «ያ ሃር ፎት ኤን ቲድ» ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ «ቲድ» ጊዜ ማለት ቢሆንም ሐኪም ቤትና ቢሮ ላይ ቀጠሮ ነው። «ፎ ባርን» ልጅ መውለድ ነው፣ አባትም እናትም ይሉታል። «ፎ አቭስላግ» ማመልከቻችሁ ውድቅ ሲሆን ነው፤ ይቺን የስደተኞች ጉዳይ ደብዳቤ ላይ ቶሎ መለየት ስላለባችሁ ዛሬውኑ ጻፏት። «ፎ ስፓርከን» ደግሞ ቃል በቃል «ርግጫ ማግኘት» ነው፣ ከሥራ መባረር ማለት ነው።

ወጥመዱ ያለው በእኛ «አገኘ» ላይ ነው። አማርኛው በጣም ሰፊ ነው። የጠፋ ቁልፍም «አገኘሁት» እንላለን፣ መንገድ ላይ ያጋጠመንን ወዳጅም «አገኘሁት» እንላለን፣ ደመወዝም «አገኘሁ» እንላለን። ስዊድንኛ ሦስቱን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ፈልጋችሁ ያገኛችሁት ነገር «ሂታ» ነው። ሰው ስታገኙ «ትሬፋ» ነው። «ፎ» የምትሆነው ነገሩ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ሲሰጣችሁ ወይም ሲደርሳችሁ ብቻ ነው። እንዲህ ፈትኑት፦ «አገኘሁ» የሚለውን አውጥታችሁ «ተሰጠኝ» ወይም «ደረሰኝ» አስገቡ። ትርጉም ከሰጠ «ፊክ» በሉ። «ቁልፉ ደረሰኝ» እና «ቁልፉን ፈልጌ አገኘሁት» የተለያየ ነገር ስለሆነ ግሱም ይለያያል።

በእንግሊዝኛ በኩል ስዊድንኛ የምትማሩም ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛ «ደከመኝ፣ ራበኝ» ለማለትም ያንኑ የማግኘት ግስ ይጠቀማል። ስዊድንኛ አይጠቀምም። ከኋላ የሚመጣው ቅጽል ከሆነ «ብሊ» ነው፣ መሆን። ራበኝ «ያ ብሌቭ ሁንግሪግ» ነው እንጂ በ«ፊክ» አይባልም።

ደረጃ 5፦ ከኋላዋ ግስ ከመጣ ፈቃድ ነው

«ፎር ያ ኮማ ኢን?» ልግባ? «ፎር ያ ሲታ ሄር?» እዚህ ልቀመጥ? «ፎር ያ ሴ?» ልየው?

አያችሁት? አማርኛው ሁልጊዜ በ«ል» ይጀምራል። ልግባ፣ ልቀመጥ፣ ልየው፣ ልጠይቅ። በሐሳባችሁ «ል…?» ብላችሁ የምትጠይቁትን ሁሉ በ«ፎር ያ» ጀምሩት። ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ አላገኘሁም። ብዙዎቻችን «መግባት እችላለሁ?» ብለን ስለምናስብ ወደ «ካን» እንሮጣለን፤ «ካን» መጀመሪያ ችሎታን ነው የሚጠይቀው። ስህተት አይደለም፣ ይገባቸዋል። ፈቃድ ስትጠይቁ ግን «ፎር ያ» የበለጠ ቀጥተኛና ጨዋ ነው።

ካፌ ስትገቡ ደግሞ ሁለቱ ይጋባሉ፦ «ካን ያ ፎ ኤን ካፈ?» አንድ ቡና ይሰጠኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ሸምድዱ፣ በየቀኑ ትጠቅማችኋለች። ትሕትና ለመጨመር «ስኩለ ያ ኩና ፎ…» ብላችሁ ጀምሩ። ስዊድን ውስጥ አንቱታ በዕለት ንግግር ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የሕክምና ባለሥልጣኑ አዲሱ ኃላፊ ብሮር ሬክሰድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉ ካስታወቁ ወዲህ አገሩ በሙሉ ወደዚያው ሄደ። ሐኪሙም «ዱ» ነው፣ ሚኒስትሩም «ዱ» ነው። እንደኛ አንቱ ብሎ ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ አፍ አይታዘዝም። ማክበራችሁን የምታሳዩት በተውላጠ ስሙ ሳይሆን እንዲህ ባሉት አጠያየቆች ነው።

ደረጃ 6፦ «ኢንተ» ስትጨመር ክልከላ ነው

«ኢንተ» የአሉታ ቃል ናት። «ፎር ኢንተ» አይፈቀድም ማለት ነው፣ አጭርና ግልጽ። እዚህ ላይ ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል። «ዱ ፎር ኢንተ ፓርኬራ ሄር» እዚህ መኪና ማቆም ክልክል ነው። «ዱ ቤሆቨር ኢንተ ፓርኬራ ሄር» ግን «እዚህ ማቆም አያስፈልግህም» ነው። አንዱ ከልክሏችኋል፣ ሌላው ምርጫውን ለእናንተ ትቷል። ምልክቶች ላይ በ«ኢንተ» ፈንታ «ኤይ» ተጽፎ ታያላችሁ፤ ለምሳሌ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ «ፎር ኤይ ብሎኬራስ» ካለ በሩን በዕቃ አትዝጉት ነው።

የ«ኢንተ» ቦታም መታወቅ አለበት። በዋናው ዓረፍተ ነገር ከግሱ ኋላ ትመጣለች፦ «ያ ፎር ኢንተ»። በጥገኛው ውስጥ ግን ከፊት ትቀድማለች፦ «ሁን ሴየር አት ያ ኢንተ ፎር ፓርኬራ ሄር»፣ እዚህ ማቆም እንደማይፈቀድልኝ ትናገራለች። የስዊድንኛ አስተማሪዎች ይሄን ሕግ «ቢፍ» ይሉታል፣ ስትጽፉ ከሚቀሉ ነገሮች አይደለም። በንግግር ብትሳሳቱ ማንም ልብ አይልም፣ በፈተና ወረቀት ላይ ግን ይታያል።

ለልምምድ ጫካ ሂዱ። ከልቤ ነው። ስዊድን ውስጥ ማንም ሰው በተፈጥሮ ላይ በነፃ የመዘዋወር መብት አለው፣ «አለማንስሬተን» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ሰፍሯል። ይሄን መብት የሚያስረዱ ጽሑፎች በሙሉ በ«ፎር» እና በ«ፎር ኢንተ» የተሞሉ ናቸው። «ዱ ፎር ፕሎካ ቤር ኦ ስቫምፕ» የጫካ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ትችላለህ። መኪና ከመንገድ ውጪ መንዳት ግን «ፎር ኢንተ» ነው። የጥብቅ ስፍራ መግቢያ ላይ ያለውን ሰሌዳ ቆም ብላችሁ አንብቡና የተፈቀደውንና የተከለከለውን በአማርኛ ተናገሩ። ከመማሪያ መጽሐፍ ይሻላል፣ አየሩም ጥሩ ነው።

ደረጃ 7፦ ፈቃድ መስላ ግዴታ የምትሆንበት

እኔን ያሳሳተችኝ ይቺ ናት። «ዱ ፎር ቬንታ» እንግዲህ ትጠብቃለህ። «ዱ ፎር ሪንጋ ኢ ሞሮን» እንግዲያው ነገ ትደውላለህ። «ሞስተ» የሚባል ጠንካራ የግዴታ ቃል አላቸው፤ «ፎር» ከእሱ ለስለስ ትላለች፣ ግን ምርጫ የላትም። የእኛ «እንግዲህ» የያዘው ስሜት ነው ያላት፦ ሌላ መንገድ የለም፣ ይሄው ነው።

በምን ትለያላችሁ? የሚጠየቀው ነገር የምትመኙት ከሆነ ፈቃድ ነው። የማትመኙት ከሆነ ግዴታ ነው። «ያ ፊክ ቤታላ» ከፈልኩ፣ መክፈል ነበረብኝ ነው፤ ለመክፈል ፈቃድ የሚለምን የለም። «ያ ፊክ ጎ ሄም» ግን ሁለቱንም ይሆናል፦ ቤቴ እንድሄድ ተፈቀደልኝ፣ ወይም ቤቴ መሄድ ግድ ሆነብኝ። የሥራ ቦታ ላይ ከሆነ ሰውየው እየሳቀ ነው ወይስ እያዘነ የሚለውን እዩ። ካልገባችሁ ጠይቁ። «ሞስተ ያ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ወዲያው ያብራሩላችኋል።

«ቪ ፎር ሴ» የምትለዋም የዚሁ ወገን ናት። እስቲ እናያለን፣ የሚሆነውን እናያለን። ስዊድኖች «እሺም እንቢም» ማለት ሳይፈልጉ ሲቀሩ ይቺን ይላሉ። ቃል እንደተገባላችሁ አትቁጠሩት።

ደረጃ 8፦ ከኋላዋ ሰው መጥቶ «አት» ከተከተለ

«ሁን ፊክ ሜይ አት ስክራታ» አሳቀችኝ። ስዊድንኛ «አስ…» የሚል ቅድመ ቅጥያ ስለሌለው አስደራጊውን በዚህ መንገድ ይሠራዋል። አሳቀችኝ፣ አስለቀሰኝ፣ አስረሳኝ የሚሉትን ሁሉ በ«ፊክ … አት» ገንቡ።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። «ሁን ፊክ ሲከልን ስቱለን» ይላሉ፣ ብስክሌቷን ተሰረቀች። እኛም «ብስክሌቷን ተሰረቀች» ስንል የተበደለችዋን ባለቤት አድርገን ነው የምንናገረው። አስተሳሰቡ አንድ ነው። «ያ ፊክ ኢንገንቲንግ ዩት ኢ ዳ» ደግሞ «ዛሬ ምንም ሥራ አልተሠራልኝም» ነው፣ «ልኝ» የምትለዋን ድርሻ የያዘችው «ፊክ» ናት።

ደረጃ 9፦ ቋሚ ጥምሮቹን አንድ በአንድ ሰብስቡ

እነዚህ ሕግ የላቸውም፣ እንደ ፈሊጥ ነው የሚያዙት። «ፎ ቬታ» መስማት፣ ማወቅ፣ ሰው ሲነግራችሁ። «ፎ ታግ ፖ» ፈልጎ እጅ ማስገባት፤ ስልክ ደውላችሁ ሰውየውን ስታገኙትም ይባላል። «ፎ ሲን ፖ» ዓይን ሲያርፍበት። «ፎ ኑግ» በቃኝ ማለት። «ፎ ኢ ሴይ» ምግብ ወይም ውሃ ወደ ውስጥ ማስገባት፤ ልጅ ታሞ ሐኪም «ምን ቀመሰ?» ብሎ ሲጠይቅ የምትሰሟት ይቺን ነው፣ ወላጆች አትርሷት። በሳምንት ሁለት ብቻ ውሰዱ፣ ከዚያ በላይ ከበዛ ይደበላለቃል።

መፈለጊያ ከፈለጋችሁ «ሌክሲን» የሚባለው ለስደተኞች የተዘጋጀ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አማርኛም አለው፣ በነፃ ነው። የስዊድን አካዳሚ መዝገበ ቃላትም ኢንተርኔት ላይ ክፍት ናቸው። «ፊክ» ወይም «ፎት» ብላችሁ ሳይሆን በመነሻው «ፎ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ምሳሌዎቹ የተደረደሩት እዚያ ሥር ነው።

መፈተኛ

ስዊድኖች ልጆቻቸውን የሚያስቁበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ፎር ፎር ፎር?» መልሱ፦ «ኔይ፣ ፎር ፎር ኢንተ ፎር፤ ፎር ፎር ላም።» በግ በስዊድንኛ «ፎር» ነው፣ አጻጻፉም አነጋገሩም ከግሱ ጋር አንድ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁ ፍቱት፣ ከዚያ ታች ያለውን እዩ።

ጥያቄው «በግ በግ ይወልዳል?» ነው፣ የመጀመሪያው ብቻ ግስ ነው፣ ደረጃ 4 ላይ እንዳየነው ልጅ ማግኘት። መልሱ «አይ፣ በግ በግ አይወልድም፤ በግ ግልገል ነው የሚወልደው» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ላም» የእኛዋ ላም አይደለችም፤ ም ጠብቃ ትነበባለች፣ የበግ ግልገል ናት።